ያን ጊዜ የነገርኳችሁ የት ደረሰ?

ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ሠፈር፣ 2010 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ግድም። ድሬ ላይ ቤት ለቤት የሚዞር መረጃ ሰብሳቢ ፀሐይዋ ሳትከር ካልጀመረ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ በር የሚከፍትለት አያገኝም። ታብሌቴን ጭኔ ላይ አድርጌ በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ። ፊት ለፊቴ ያሉት ሴት «ከፊራ» በሚባለው ገበያ ጉልት ይዘው ቲማቲምና ሽንኩርት የሚሸጡ ናቸው። ለእኔ ሲሉ ዕቃቸውን ለጎረቤት ነጋዴ አደራ ሰጥተው ነው ቤት የቀሩት። እሳቸውም ልጃቸውም ይህን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ ስማቸው ግን ከእኔ ጋር ይቆይ።

የምግብ ዋስትና የሚባለው ክፍል ደረስን። «ባለፉት 7 ቀናት ውስጥ፣ ቤት ውስጥ የሚበላ በመጥፋቱ ሳይበላ ያደረ የቤተሰብ አባል አለ?» ብዬ አነበብኩላቸው። ቶሎ አልመለሱልኝም። ደጃፉ ላይ ደብተሯን ዘርግታ የምታጠና የ15 ዓመት ልጅ አለቻቸው። «ተነሺ እስቲ፣ ከሱቅ ከሰል ይዘሽልኝ ነይ» አሏት። ከሰል እንዳላቸው ምድጃው አጠገብ ከቆመው ጆንያ አይቻለሁ። ልጅቷ ከግቢው እስክትወጣ ጠበቁና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሁለት ሌሊት። እኔው ነኝ። እሷ አታውቅም፤ በልቻለሁ ነው የምላት» አሉኝ።

«አዎ» የሚለውን ነካሁ። የሚቀጥለው ጥያቄ «ስንት የቤተሰብ አባል?» ይላል፤ 1 ጻፍኩ። ቀጥሎ «ስንት ሌሊት?» ይላል፤ 2 ጻፍኩ።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ጨርሰን ላመሰግናቸው ስል፣ «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉኝ። «ባለፈው ዓመትም አንድ ልጅ መጥቶ ይህንኑ ሁሉ ጠይቆኝ ነበር። ያን ጊዜ የነገርኳችሁ የት ደረሰ?»

«ለሚመለከተው አካል ይደርሳል እናቴ» አልኳቸው። ይህን መልስ የሰጠሁት እሳቸው ቤት ብቻ አልነበረም፤ ብዙ ቤት ሰጥቼዋለሁ። እሳቸው ግን «እሺ» አላሉኝም። ዝም ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህ ጥያቄ ከእኔ አልተለየም።

ቃለ መጠይቅ ከመጀመሩ በፊት ጮክ ብለን የምናነበው የፈቃደኝነት ጽሑፍ አለ። ከፕሮጀክት ፕሮጀክት ቃሉ ትንሽ ይለያይ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው፦ በመሳተፍዎ በቀጥታ የሚያገኙት ጥቅም የለም፣ የሚሰጡን መረጃ ግን ለፖሊሲ አውጪዎች ግብዓት ይሆናል። መቶ ጊዜ ካነበብኩት በኋላ ነው «ግብዓት» የሚለው ቃል ያቆመኝ። በእኛ አገር ግብዓት ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ነው። ገበሬ ማዳበሪያውን የሚበትንበትን ማሳ ያውቀዋል፤ ምን ያህል እንዳበቀለለትም በመኸር ያየዋል። ግብዓቱን የሰጡት እኚህ ሴት ግን ማሳው የት እንደሆነ እንኳ የነገራቸው የለም።

ጥናትን የማጣጥል ሰው አይደለሁም። ኢኮኖሚክስ የተማርኩትም፣ ታብሌት ይዤ ስምንት ቀበሌ በእግሬ የዞርኩትም ስለማምንበት ነው። የማይቆጠር ሰው ተረስቶ እንደሚቀር አውቃለሁ። ሥራውን ከቅርብ ያየ ሰው ደግሞ ቁጥር እንዴት እንደሚወለድ ስለሚያውቅ ያከብረዋል፣ ይጠነቀቅለታልም።

ለምሳሌ ብዙ ጊዜ የሚፈጀው ክፍል ቤተሰቡ በ7 ቀን ውስጥ የበላውን በዓይነትና በመጠን የሚያስቆጥረው ነው። ማሽላ፣ ስንዴ፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ቡና፣ ጫትም ሳይቀር አለበት። ሰው የሚገዛው በጣሳ፣ በሲኒና በመደብ ነው፤ መጨረሻ ላይ ግን ሁሉም ወደ ኪሎና ግራም ይመነዘራል። አንድ መደብ ቲማቲም ስንት ይመዝናል? ሴትየዋን ጠየቅኳቸው። «የጠዋቱ ነው የማታው?» አሉኝ። ጠዋት 5 ፍሬ የሚደረደርበት መደብ፣ ቀኑን ሙሉ የድሬ ሙቀት ሲያላላው ውሎ ማታ በዚያው ዋጋ 8 ፍሬ ይሆናል። የሌለው ቤት ደግሞ የሚገዛው የማታውን ነው። የመደቡ ክብደት ጠዋት ተመዝኖ ከሆነ፣ የእነዚያ ሰዎች ማዕድ ወረቀት ላይ ከእውነተኛው ያንሳል ማለት ነው። ይህን የነገሩኝ ሴትዮ ትምህርታቸውን ያቆሙት 4ኛ ክፍል ላይ ነው። የነገሩኝን አስተያየት መስጫው ላይ ጻፍኩት።

«ቤተሰብ» የሚለውስ? መመሪያው አብረው የሚኖሩና ከአንድ ድስት የሚበሉ ሰዎች ናቸው ይላል። በዚያ ግቢ ውስጥ ከገጠር መጥታ ከሴትየዋ ጋር የምትበላ፣ ጎረቤት ቤት ደግሞ ከአንዲት ባልቴት ጋር የምታድር ዘመድ ነበረች። በየትኛው ቤት ትቆጠር? እኛ ድስቱን ተከትለን እዚህ ቆጠርናት። ሌላ መረጃ ሰብሳቢ ፍራሹን ተከትሎ እዚያ ሊቆጥራት ይችል ነበር።

ማታ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስደርስ መልሶቹን ሁሉ እልካለሁ። ከዚያ በኋላ እኔም አላያቸውም።

ጥያቄያቸውን ይዤ መፈለግ ስጀምር መጀመሪያ ያገኘሁት የከተማችንን ትንሽነት ነው። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ድሬዳዋ ከነገጠሯ 341,834 ሰው ነበራት፤ አገሪቱ ደግሞ ከ73 ሚሊዮን በላይ። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም። የአንድ አገር አቀፍ ጥናት ናሙና በሕዝብ ብዛት ልክ ይከፋፈል ቢባል፣ ከ200 ቤተሰብ ለድሬ አንድ እንኳ በቅጡ አይደርሳትም። ሐረር ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ስለዚህ አንዳንድ ትልልቅ ጥናቶች ትንንሽ ክልሎች ላይ ሆን ብለው ናሙና ይጨምራሉ። የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳው እንዲህ ያደርግ ስለነበር፣ ሐረሪና ድሬዳዋ በሠንጠረዡ ውስጥ የራሳቸው መስመር አላቸው። አንዳንዶቹ ደግሞ እዚህ አልደረሱም። ከእ.ኤ.አ. 2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም 12,000 ልጆችን ከሕፃንነት እስከ ጉልምስና የተከታተለው «ያንግ ላይቭስ» ከእኛ አገር 3,000 ልጆች ይዟል፤ የጥናቱ 20 ቦታዎች ያሉት ግን አዲስ አበባ፣ አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና የቀድሞው ደቡብ ክልል ውስጥ ነው። ስለ ኢትዮጵያ ልጅ ድህነት የሚነገረው ብዙው ነገር ከእነዚያ ልጆች የተገኘ ነው፤ የባቡር ሠፈር ልጅ የለበትም። በኋላ የመጣው በአፍላ ወጣቶች ላይ የሚያተኩረው «ጌጅ» ድሬዳዋን ከምሥራቅ ሐረርጌ ጋር የጥናት ቦታው ሲያደርግ፣ ስማችንን እዚያ ላይ ሳየው የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም።

ሐረርን በተመለከተ አንድ ነገር በጣም ይቆጨኛል። እ.ኤ.አ. በ2010 በ338 ትምህርት ቤቶች ከ13,000 በላይ የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች የንባብ ምዘና ተደርጎላቸው ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ልጁ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተጻፈች አጭር ታሪክ ይሰጠዋል፣ በአንድ ደቂቃ በትክክል ያነበባቸው ቃላት ይቆጠራሉ። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከታሪኩ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ምዘናው ከተካሄደባቸው ስድስት ቋንቋዎች አንዱ ሐረሪ ነበር። አገሪቱን ያስደነገጠውን ይህን ውጤት ተከትሎ በአሜሪካ እርዳታ አዲስ የንባብ መማሪያ መጻሕፍት በሰባት ቋንቋዎች ተዘጋጁ። ከሰባቱ ውስጥ ሐረሪ የለችም። የተናጋሪው ብዛት ማነስ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ይገባኛል። ግን ጀጎል ውስጥ ያቺን የአንድ ደቂቃ ምዘና ተቀምጣ የተፈተነችው ልጅም መልሷን ሰጥታ ነበር።

ፍለጋዬ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የነካኝ ግን አዴሌ ኬኬ ናት። ምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥ ያለች፣ ጫት አብቃይ የገጠር ቀበሌ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኦክስፎርድና ከዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ጥናት ተቋም ጋር እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በ15 የገጠር ቦታዎች የሚገኙ ወደ 1,500 የሚጠጉ ቤተሰቦችን እየተመላለሰ ጠይቋል፤ እስከ 2009። አዴሌ ኬኬ ከ15ቱ አንዷ ናት። ከእነዚያ ቤተሰቦች መልስ የተነሣ ስንት የዶክትሬት ማዕረግ፣ ስንት ጽሑፍ እንደወጣ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ኢኮኖሚስቱ ስቴፋን ደርኮን እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተመው አንዱ ጽሑፍ በ1977ቱ ድርቅ ክፉኛ የተጎዱ ቤተሰቦች ከዓሥር ዓመት በኋላም፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ኑሯቸው ከሌላው ቀስ ብሎ ያድግ እንደነበር አሳይቷል። ረሃብ ዝናብ ሲመጣ አያልፍም ማለት ነው። የዚያ ቤተሰብ ሰው ይህን ቢሰማ፣ «ለምን እኔ ብቻ ወደ ኋላ ቀረሁ» እያለ ራሱን ሲወቅስ የኖረበት ነገር በእሱ ስንፍና እንዳልመጣ ያውቅ ነበር። ይህን አውቆ መሞትና ሳያውቅ መሞት አንድ አይደለም።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ክርክር የሚጀምረው። በሠራሁባቸው ጥናቶች ሁሉ መጠይቁ ሲተረጎም ያለው ጥንቃቄ ያስገርማል። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ወደ ኦሮምኛ፣ ወደ ሶማሊኛ ይተረጎማል፤ ከዚያ ትርጉሙን ያላየ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል፤ ሁለቱ እንግሊዝኛዎች ጎን ለጎን ይነበባሉ። ሥልጠና ላይ በአንዲት ቃል ግማሽ ቀን የተከራከርንበት ጊዜ አለ። ይህ ሁሉ ጥያቄው እንዲገባቸው ነው። ውጤቱ ሲወጣ ግን በእንግሊዝኛ ወጥቶ በእንግሊዝኛ ይቀራል። ለጥያቄው ትርጉም በጀት አለ፤ ለመልሱ ትርጉም እኔ በጀት አይቼ አላውቅም። መረጃው ተደብቋል ማለቴ አይደለም። የዓለም ባንክና የእኛው የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት አብረው የሚያካሂዱት የቤተሰቦች የኑሮ ዳሰሳ ሙሉ መረጃው ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ማንም በነፃ ያወርደዋል። እኔም አውርጄዋለሁ። ከፊራ ጉልት ላይ ተቀምጦ ግን አይወርድም።

የካቲት 2017 ዓ.ም. ላይ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቋርጥ ያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ የሚመራበት ዓለም አቀፍ ፕሮግራም ሥራው ተቋረጠ፤ አዲስ የመረጃ ጥያቄ መቀበልም ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2016 ብቻ ከ15,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ስለ ወለዱትም፣ ስለ ቀበሩትም ልጅ ነግረውት ነበር። በዚያን ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከመልሳቸው አንድ ገጽ እንኳ በየቀበሌው፣ በየጤና ጣቢያው በአማርኛና በኦሮምኛ ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ፣ ሩቅ አገር የተዘጋ በር ያን ያህል ባልዘጋብን ነበር።

ይህ ከመሆኑ በፊት፣ በ2016 ዓ.ም.፣ አንድ ነገር ለመሞከር ወሰንኩ። ገንደ ቆሬ ያለ የእድር ሊቀመንበር ለመንኩ። እኛ ጋ እድርም አለ፣ አፎቻም አለ፤ ሰው ለቀብርና ለሰርግ የሚደራረስበት፣ ማንም ጥሪ ሳያስፈልገው የሚሰበሰብበት ቦታ ነው። «ከወርሃዊው ስብሰባ በኋላ ሩብ ሰዓት ስጡኝ» አልኳቸው። ፈቀዱልኝ። ሦስት ጥናት መርጬ፣ እያንዳንዱን በአንድ ገጽ አማርኛ ጻፍኩ፤ አንድ ወዳጄ ወደ ኦሮምኛ መለሰልኝ።

የመጀመሪያው አዲስ አበባ ላይ የተሠራ ነው፤ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን የተመለከተ። የተወሰኑት ማመልከቻ አጻጻፍ ተምረው፣ ችሎታቸው ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ሲሰጣቸው፣ ከ4 ዓመት በኋላ ገቢያቸው ከሌሎቹ በ20 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ። ለሥራ ፍለጋ የታክሲ ገንዘብ የተሰጣቸው ግን ለውጡ አልሰነበተላቸውም። ከኋላ ቆሞ የነበረ ወጣት፣ «አቦ፣ ይሄን ማወቅ የነበረብን እኮ ከዩኒቨርሲቲ ስንወጣ ነው!» አለ። እውነቱን ነው።

ሁለተኛው ለድሃ ቤተሰቦች የቀን ሥራ እየሰጠ የሚከፍለውን የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የሚመለከት ስለነበር ብዙ ሴቶች ጆሯቸውን ሰጡኝ። ፕሮግራሙ ሲጀመር ከተመረጡት 11 ከተሞች ድሬዳዋና ሐረር ይገኙበታል፤ ከሴቶቹ መካከል ንጋት ላይ መንገድ የጠረጉበት ነበሩ። አዲስ አበባ ላይ ፕሮግራሙ ቀድሞ የሚገባባቸው ቦታዎች በዕጣ ተለይተው ነበር። ተመራማሪዎቹ ፕሮግራሙ ሙሉ በሙሉ ሲዳረስ በግሉ ዘርፍ ያለው ደመወዝ በ18.6 በመቶ እንደሚጨምር አስልተዋል፤ ሰው ሌላ አማራጭ ሲያገኝ ቀጣሪው ካልጨመረ ሠራተኛ አያገኝምና። «እኛ ጠርገን ለሌላውም ደመወዝ ጨመረ ማለት ነው?» አለችኝ አንዷ። ማለት ነው አልኳት። ነጠላዋን አስተካክላ ቀና ብላ ተቀመጠች።

ሦስተኛው የፋብሪካው ነው። ኢኮኖሚስቱ ክሪስ ብላትማንና ቅድም ያነሣሁት ደርኮን በኢትዮጵያ 5 ድርጅቶች ውስጥ ሥራ ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ በዕጣ ለሦስት ከፈሉ። አንዱ ወገን የፋብሪካ ሥራ ተሰጠው። ሁለተኛው ወደ 300 ዶላር ገደማ ገንዘብና አጭር የንግድ ሥልጠና አገኘ። ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። በዓመቱ ገንዘብ ያገኙት ገቢያቸው በ33 በመቶ ግድም አድጎ ነበር። ፋብሪካ የገቡት ግን ምንም ካልተሰጣቸው የተሻለ ገቢ አልነበራቸውም፤ ከባድ የጤና ችግር ያጋጠማቸውም በርክተው ተገኙ። ከ4ቱ 3ቱ ዓመት ሳይሞላቸው ሥራውን ለቀዋል። ከ5 ዓመት በኋላ ሲጠየቁ ደግሞ በሦስቱ ወገኖች መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቶ ነበር። ነሐሴ 2014 ላይ የኢንዱስትሪ ፓርኳ ነፃ የንግድ ቀጠና ለሆነላት ከተማ፣ ጣሊያን ጊዜ በተተከለ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፊሽካ ላደገ ሕዝብ፣ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ድንኳኑ ውስጥ ክርክር ተነሣ። አንድ ጡረተኛ፣ «እኔ ልጆቼን ያስተማርኩት በፋብሪካ ደመወዝ ነው» ብለው ተቆጡ፤ ሌሎች አልተስማሙም። ሩብ ሰዓቱ ሁለት ሰዓት ሆነ። እንደዚያ ቀን ትምህርቴ ጠቅሞኝ አያውቅም።

ያቺ የጉልት ነጋዴ እዚያ ነበሩ። ጠጋ ብዬ «አስታወሱኝ እናቴ?» አልኳቸው። «ታብሌቷ» አሉኝና ሳሙኝ። ያን ዓመት የሰጡኝ መልስ ገብቶ የወጣውን ሪፖርት አግኝቼዋለሁ፤ የድሬዳዋን መስመር በአማርኛ ጽፌ ይዤላቸው ነበር። በጣቴ እያሳየሁ አነበብኩላቸው፦ ከመቶ ቤት በዚህን ያህሉ፣ ሳይበላ ያደረ ሰው አለ። «እኔ እዚህ ውስጥ ነኝ?» አሉ። ነዎት አልኳቸው። ወረቀቱን አጣጥፈው ጡታቸው ሥር አስገቡት።

ልጃቸው ያን ጊዜ 21 ዓመቷ ነበር። 10ኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን አቋርጣ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ገብታ ነበር፤ በ4 ወሯ ለቀቀች። ከዚያ ወዲህ ከእናቷ ጋር ከፊራ ገበያ ትሠራ ነበር። እናቷ የእድሩን ብርጭቆ ለማጠብ ሲነሡ፣ ባጃጅ እስካገኝ ልሸኝሽ ብላ አብራኝ ወጣች። ደቻቱ ድልድይ ጋ ስንደርስ ዞር ብላ ከኋላችን ሰው አለመኖሩን አየች።

«ያን ቀን ከሰል ስትልከኝ አልሄድኩም» አለችኝ። «በሩ ኋላ ቆሜ ሰምቻችኋለሁ። ሁለት ያለችሽ ልክ ነው። ግን ሰው አንድ ብቻ አልነበረም። እኔም ጓደኛዬ ቤት በልቻለሁ እላት ነበር።» ባጃጁ ቆመ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እሷ አታውቅም» አለችኝ።